ጠባብ ፊደል ለትልቅ ርዕስ

እዚህ ደብረ ማርቆስ ለሱቅ ታፔላ ወይም ለመጽሐፍ ሽፋን ፊደል የሚመርጥ ሰው ቶሎ የሚገጥመው ችግር የቦታ ጥበት ነው፤ ስሙ ረጅም፣ ሰሌዳው አጭር ይሆናል። ለዚህ የምመርጠው ቁመቱ የረዘመ፣ ወርዱ የጠበበና በጭረቶቹ ጫፍ ላይ ሰሪፍ (ትንሽ ማስጌጫ ጭረት) ያለው የርዕስ ፊደል ነው። ወፍራሙና ቀጭኑ ጭረት ጎልተው ስለሚለያዩ ከሩቅ ግርማ አለው።

አብዝቶ የሚያሳዝነኝ ሰፊውን ፊደል በኮምፒውተር ከግራና ከቀኝ ጨፍልቆ ጠባብ ማስመሰል ነው። እንዲህ ሲደረግ ቋሚው ጭረት ይቀጥናል፣ አግዳሚው ግን ውፍረቱ አይለወጥም፤ በጎጃም አድባራት የብራና መጻሕፍት ላይ በቁም ጽሕፈት የምናውቀው የወፍራም እግር ክብደትም ይጠፋል። በጥንቃቄ የተሠራ ጠባብ ፊደል በዋናነት የሚቀንሰው በጭረቶቹ መካከል ያለውን ክፍት ቦታ ነው፤ እሱም ቢሆን ገደብ አለው፣ ምክንያቱም የሐ፣ የጠ እና የጨ ሦስት እግሮች አለልክ ከተቀራረቡ ቀለሙ ክፍተቱን ይደፍነዋል፣ ጤም ቀለበቱን ያጣል።

ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ የተባለው የኮምፒውተር ፊደል በተለያየ ወርድና ውፍረት ተዘጋጅቶ በነጻ ስለሚገኝ፣ መጨፍለቅ አያስፈልግም። ለርዕስ፣ ለፖስተርና ለባነር ጠባቡን፣ ለውስጥ ጽሑፍ ግን መደበኛውን ወርድ መጠቀም ይገባል፤ በትንሽ መጠን ጠባቡ ዓይን ያደክማል።