የዱር ድርጭት ወደ መሬታችን እንዴት ተመለሰች (አንድም ወፍ ሳንገዛ)

ወፎቹን ከየት ገዛችሁ፣ ስንት ፈጀባችሁ ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ስለበዛ እስቲ አንዴ በዝርዝር ልጻፈው ብዬ ነው። አንድም ወፍ አልገዛንም። አሜሪካ፣ ጆርጂያ ስቴት ውስጥ ከባለቤቴ ወንድሞች ጋር ተጋግዘን የገዛነው መቶ ምናምን ኤከር መሬት ላይ ዛሬ የሚያፏጩት ቦብዋይት የሚባሉት ድርጭቶች ራሳቸው ናቸው የመጡት፣ እኛ የሰራነው በሙሉ መሬቱ ላይ ነው፣ መቁረጥ፣ ማቃጠል፣ ትንሽ ማረስ፣ ብዙ ቦታ ላይ ደግሞ ዝም ብሎ መተው።

ስንገዛው ለአይን ያምር ነበር። ግማሹ በመስመር በመስመር የተተከለ ፓይን (ጥድ መሰል ዛፍ)፣ ግማሹ ደግሞ የድሮ የከብት ግጦሽ ሆኖ ጥቅጥቅ ያለ በርሙዳ ሳር የሸፈነው። ሻጩም በየጊዜው ሲያጭደው ስለነበር ንጹህ ነው። ድርጭት ግን የለም። የአካባቢው ሽማግሌዎች ድሮ ከጓሮ በር ወጣ ሲሉ መንጋው ብርር ብሎ ይነሳባቸው እንደነበር ያወራሉ፣ ስቴቱም በ1970 ቦብዋይትን ኦፊሴላዊ የአደን ወፉ አድርጎ ሰይሟታል፣ አሁን ያለው ወጣት ግን ድምጿን እንኳን የማያውቅ ብዙ ነው። በመላው አሜሪካ የሚደረገው የወፍ ቆጠራ ከተጀመረበት ከ1966 ወዲህ ከ80 ፐርሰንት በላይ ነው የቀነሰችው።

ለምን ጠፋች ስትል ሁሉም ጭልፊት በዛ፣ ቀበሮ መሰሉ ኮዮቲ መጣ፣ አዳኝ ጨረሳት ይልሀል። እነሱም ድርሻ ይኖራቸዋል፣ ዋናው ግን መሬቱ ነው የተለወጠው። ድሮ ገበሬው ትንንሽ ማሳ ነበር የሚያርሰው፣ በየማሳው ዳር ጥሻ ይቀራል፣ አንዳንዱ እርሻ ጦም ያድራል፣ ጫካውም በየጊዜው ይቃጠላል። ከዛ ማሳው ሰፋ፣ ዳሩ በጸረ-አረም ጸዳ፣ ጫካው ተጠጋግቶ በተተከለ ፓይን ተተካ፣ እሳቱም ቆመ። ድርጭቷ ያንን የተዝረከረከውን ነበር የምትወደው።

መጀመሪያ ያደረግነው የስቴቱን የዱር እንስሳት ክፍል ባዮሎጂስት መጥራት ነው። አይከፈልበትም፣ መጥቶ መሬትህን ዞሮ አይቶ እቅድ ይጽፍልሀል። እኔ ቢኖኩላር ይዞ ወፍ ሊፈልግ ነው ብዬ ስጠብቅ ሰውየው ተንበርክኮ እጁን በርሙዳው ውስጥ ከተተ። እጁ አልገባም። አየህ፣ አለኝ፣ ጫጩቷ ስትፈለፈል 6 ግራም ገደማ ናት፣ የኔ እጅ የማያልፍበትን እሷም አታልፍበትም። በዛ ላይ ጫጩት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የምትበላው ነፍሳት ነው፣ ፌንጣ፣ ጥንዚዛ፣ አባጨጓሬ ምናምን፣ እና እየሮጠች ለማደን ከስር ባዶ አፈር ያስፈልጋታል፣ ከላይ ደግሞ ጭልፊት እንዳያያት ጥላ። ከላይ የተሸፈነ ከስር የተከፈተ፣ ይሄንን ከያዝክ ሌላው ሁሉ ከሱ ይመጣል።

ጎጆዋን የምትሰራው ደግሞ ሌላ አይነት ቦታ ላይ ነው። እንደ ብሉስተም ያሉ የሀገሩ ሳሮች ልክ እንደኛ ሀገር ጓሳ ተሰብስበው ነው የሚበቅሉት፣ በመሀላቸው ክፍት ቦታ ይተዋሉ። ያለፈው አመት የደረቀ ሳር ስር ነው እንቁላሏን የምትጥለው፣ ብዙ ጊዜ ከ12 እስከ 14። 23 ቀን ትታቀፋለች፣ ወይም ይታቀፋል፣ ምክንያቱም ከአራት ጎጆ አንዱን ያህል የሚታቀፈው ወንዱ ነው (ይሄን ለባለቤቴ ስነግራት ያለችኝን እዚህ አልጽፈውም)። ለክረምቱ ብርድና (ክረምት የምለው የዚህን ሀገር የብርድ ወራት ነው፣ በጋ የምለው ደግሞ ሙቀቱን) ለጭልፊት መሸሻ ደግሞ ጥሻ ትፈልጋለች፣ ብላክቤሪ፣ የዱር ፕለም፣ ሱማክ። እነዚህ ሶስቱ፣ ጎጆ፣ የጫጩት መዋያ እና ጥሻ፣ ተቀራርበው ካልተገኙ ከአንዱ ወደ አንዱ ስትሮጥ ጭልፊት ይበላታል።

ወፍ ገዝቶ የመልቀቁን ነገር ላንሳው። በኬጅ ያደገ ድርጭት በርካሽ ይሸጣል፣ አንድ ጎረቤታችንም በየመኸሩ ይለቅ ነበር። የተለቀቁት ብዙም አይቆዩም። እናት አላሳደገቻቸውም፣ ጭልፊት ሲመጣ መቼ መሬት ላይ መለጠፍ መቼ ብርር ማለት እንዳለባቸው አያውቁም፣ ራኩን ለሚባለው አውሬና ለጭልፊቱ ቀለብ ይሆናሉ። ዱር ውስጥ የተፈለፈለችው ራሷ እንኳን ኑሮዋ ቀላል አይደለም፣ በአመት ውስጥ ከ100 ወፍ ከ70 እስከ 80ው ይሞታል፣ ይሄ የተፈጥሮዋ ነው፣ የምትተካው ብዙ በመውለድ ነው። ስለዚህ መሬቱ ጫጩት የሚያሳድግ ካልሆነ ስንት ወፍ ብትለቅበት ዋጋ የለውም፣ የሚያሳድግ ከሆነ ደግሞ እዛው አካባቢ የቀሩ ጥቂት ወፎች ይበቃሉ። እኛ ጋ ከመሬታችን በስተጀርባ ባለ አንድ የተተወ እርሻ ላይ ጥቂት መንጋ እንዳለ ባዮሎጂስቱ ያውቅ ነበር፣ ያ ትልቅ እድል ነው። በአካባቢው ጭራሽ ምንም ከሌለ ነገሩ በጣም ይከብዳል፣ ይሄን አስቀድሞ ማጣራት ያስፈልጋል።

ስራው የተጀመረው ከፓይኑ ነው። ከስሩ ጨለማ ነበር፣ መርፌ ቅጠል ብቻ። እንጨት የሚሸጡ ሰዎች የሚመክሩህ ማሳሳት ለእንጨቱ እድገት የሚሆነውን ያህል ነው፣ ለድርጭት ግን ከዛ በጣም ወርዶ መሳሳት አለበት፣ በነሱ መለኪያ በኤከር ከ40 እስከ 60 ስኩዌር ፊት ቤዛል ኤሪያ (የግንዶቹ ውፍረት ተደምሮ የሚይዘው ስፋት) ይሉታል፣ በቀላሉ እኩለ ቀን ላይ ቆመህ ስታይ ግማሹ መሬት ጸሀይ ሲያገኝ ማለት ነው። ከባለቤቴ ወንድሞች አንዱ እዚህ ላይ በጣም ተከራከረ፣ ገንዘብ እየቆረጥን ነው አለ፣ እውነቱን ነው፣ ወደፊት ከሚገኘው የእንጨት ገንዘብ የሚቀር አለ። የተቆረጠው ሲሸጥ ግን ለእሳት መከላከያ መስመሩና ለሌላው ስራ የሚሆን አስገባልን። እኔ ለሁሉም የምለው ከእንጨት ገዢው ጋር ከመፈራረማችሁ በፊት ባዮሎጂስቱን ጥሩ፣ ከተቆረጠ በኋላ ሲመጣ ብዙ የሚያደርገው ነገር የለውም።

አሁን ወደ እሳቱ። ይሄ ነው ሰውን የሚያስደነግጠው። የዚህ ሀገር ደቡብ ምስራቅ ሰፊ ክፍል ድሮ ሎንግሊፍ በሚባል የፓይን አይነት የተሸፈነ ነበር፣ 90 ሚሊዮን ኤከር ገደማ፣ በመብረቅና በነባር ህዝቦች እሳት በየጥቂት አመቱ የሚቃጠል ጫካ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ መንግስት እሳት ጠላት ነው ብሎ ዘመቻ ጀመረ። በደቡብ ጆርጂያና በሰሜን ፍሎሪዳ የአደን መሬት የነበራቸው ሀብታሞች ድርጭቱ ሲያልቅባቸው ኸርበርት ስቶዳርድ የሚባል ሰው በ1924 ጥናት እንዲጀምር ገንዘብ አዋጡ፣ እሱም በ1931 ባሳተመው ስራው ጫካው ካልተቃጠለ ድርጭት የለም አለ። በዛን ጊዜ ይሄን መጻፍ ቀላል አልነበረም። ፍሎሪዳ ውስጥ ታላሃሲ ከተማ አጠገብ ያለው ቶል ቲምበርስ የሚባለው የምርምር ጣቢያ በ1958 ሲቋቋም እሱም ከመስራቾቹ አንዱ ነበር፣ እስከ ዛሬ ስለ ድርጭትና እሳት ማወቅ የፈለገ ሁሉ ወደዛ ነው የሚያየው።

አጎቴ ከሀገር ቤት ሊጠይቀን መጥቶ ነበር፣ እድሜውን በሙሉ ገበሬ ነው፣ መሬቱን ዞሮ አይቶ ዝም አለ፣ ማታ ላይ "ምነው ልጄ፣ ይሄን የመሰለ መሬት ዳዋ አስበላችሁት?" አለኝ። ጋሼ ለወፍ ነው ብዬ ሳስረዳው በጣም ሳቀ። ማቃጠሉን ግን ከኔ በላይ ነው የገባው፣ ከዝናብ በፊት የሚቃጠል ግጦሽ እንዴት እንደሚያቆጠቁጥ ማን ሊነግረው፣ ጭራሽ ነፋሱ ከየት እንደሚዞር እየጠቆመ አስተማሪ ሆነ።

ስናቃጥል ዝም ብለን ክብሪት አንጭርም። ጆርጂያ ፎረስትሪ ኮሚሽን በእለቱ ፈቃድ ይሰጣል፣ የአየር ሁኔታው ካልተመቸ አይሰጥም። እነሱ ለቃጠሎ መሪዎች የሚሰጡትን ስልጠና ወስጃለሁ፣ መሬት ያለው ሰው ሁሉ ቢወስደው እላለሁ። መጀመሪያ ዙሪያውን እስከ አፈሩ የተገፈፈ መስመር ይሰራል፣ ከዛ ነፋሱ በሚሄድበት ጫፍ በኩል ይለኮስና እሳቱ ነፋሱን እየተቃወመ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ይበላል፣ ዝቅ ያለ እሳት ነው፣ ትልልቁን ፓይን አይነካውም። የጠቆረው ቦታ በቂ ስፋት ካገኘ በኋላ ነው ሌላው የሚለኮሰው። ነፋሱ የረጋና አቅጣጫው የታወቀ መሆን አለበት፣ አየሩ በጣም ከደረቀ ቀኑን ሙሉ ተዘጋጅተህ ሰው ሰብስበህም ቢሆን መተው ነው። ጭሱ ወደ አስፋልት እንዳይሄድ ማየት፣ ማታ ደግሞ የሚጨስ ግንድ እየፈለጉ ማጥፋት አለ፣ አድካሚው ይሄ ነው።

ሁሉንም በአንድ አመት ማቃጠል አይቻልም፣ እሱን ካደረግክ ጎጆ የሚሰራበት የደረቀ ሳር አይቀርም። ስለዚህ መሬቱን ከፋፍለን ግማሹን ዘንድሮ ግማሹን በሚቀጥለው አመት፣ ብዙ ጊዜ ክረምቱ ሲያልቅ ፌብሩዋሪና ማርች ላይ። ክፍሎቹ ትንንሽ ቢሆኑ ይመረጣል፣ የተቃጠለውና ያልተቃጠለው ጎን ለጎን ሲሆን ወፏ ከጎጆዋ ወጥታ ጫጩቶቿን ወዲያው ወደ ክፍቱ ቦታ ትወስዳለች። ከቃጠሎው በኋላ በመጀመሪያው በጋ የበቀለውን ሳይ ማመን ነው ያቃተኝ፣ ማንም ያልዘራው ፓርትሪጅ ፒ፣ ራግዊድ የሚባለው አረም፣ ሌላም ስሙን የማላውቀው ጥራጥሬ መሰል ተክል፣ ዘሩ አፈር ውስጥ አመታት ተኝቶ ኖሯል። ለዘር ያሰብነው ብር በአብዛኛው ሳይነካ ቀረ።

በርሙዳው ግን በእሳት አይሞትም፣ ጭራሽ ይወፍራል። እሱን በጸረ-አረም መድሀኒት ደጋግሞ መምታት ነው ያለው፣ እኔ መድሀኒት የማልወድ ሰው ነኝ ግን ሌላ መንገድ አላገኘንለትም፣ አሁንም በየጥጋጥጉ ብቅ ይላል። ከዛ በኋላ ሜዳውን በጠባብ በጠባብ መስመር በዲስክ (በትራክተር በሚጎተት ክብ ማረሻ) እናርሰዋለን፣ በብርዱ ወራት። ጊዜው ወሳኝ ነው፣ በክረምት የታረሰ ራግዊድ ያበቅላል፣ ጸደይ ላይ የታረሰ ግን የማይፈለገውን የሳር አይነት ያመጣል። ራግዊድ አለርጂ ላለበት ሰው መከራ ነው፣ ለድርጭት ግን በበጋ የጫጩት መዋያ በክረምት ደግሞ ምግብ ነው።

ከሁሉም የከበደው ደግሞ ማጨድ ማቆም ነው፣ ከምሬ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ትራክተር ላይ መውጣት የሚወድ ሰው አለ፣ በጋ አጋማሽ ላይ ደግሞ ጎጆው ሁሉ እዛው ሳር ውስጥ ነው። መንገደኛ መኪና አቁሞ ሰው ልላክልህ ወይ ያለኝ ጊዜ አለ፣ መሬቱን የተውኩት መስሎት።

ወፏ የካርታ ወሰን አታውቅም፣ የኛ መሬት ብቻውን ደግሞ ለዘለቄታው አይበቃትም። አንድ መንጋ አስራ ምናምን ወፍ ነው፣ እሱም ብዙ ኤከር ይዞራል፣ መጥፎ ክረምት ሲመጣ የሚተካ ሌላ መንጋ በቅርብ ከሌለ አለቀ። ስለዚህ የጎረቤት በር ማንኳኳት ነበረብን። ስለ ወፍ ብቻ ስናወራ ብዙም አልሰሙንም፣ ከ2004 ጀምሮ ያለውን ሲፒ33 የሚባለውን የመንግስት ፕሮግራም ስንነግራቸው ግን ነገሩ ተለወጠ፣ የማሳህን ዳር ከ30 እስከ 120 ጫማ ለወፍ ብለህ ስትተው በአመት ኪራይ ይከፈልሀል። ማሳው ዳር ጫካ ጥላ ስለሚጥልበት ምርቱ ድሮም ደካማ ነው፣ አንዱ ጎረቤት አስልቶ አየውና ገባበት። ሌላው ደግሞ ለኛ ብሎ ሳይሆን ለአጋዘን አደኑ ብሎ ጫካውን ማቃጠል ጀመረ፣ እኛም ሄደን አገዝነው። እምቢ ያሉም አሉ፣ መሬታቸው ነው።

መምጣታቸውን ያወቅነው በጆሮ ነው። ሰኔ ላይ ወንዱ "ቦብ ዋይት" እያለ ያፏጫል፣ መጀመሪያ ከሩቅ ከተተወው እርሻ በኩል፣ በሚቀጥለው በጋ ከኛው አጥር ውስጥ። ግን አንድ የሚያፏጭ ወንድ ማለት ምንም ማለት ላይሆን ይችላል፣ ሚስት ያጣ ነው አጥብቆ የሚያፏጨው። ትክክለኛው ቆጠራ ኦክቶበር ላይ ነው፣ ጸሀይ ከመውጣቷ ግማሽ ሰአት ገደማ በፊት መንጋዎቹ ካደሩበት ሳይነሱ እርስ በርስ ይጠራራሉ፣ ከየአቅጣጫው የሰማኸውን በወረቀት ላይ ምልክት ታደርጋለህ። ለጥቂት ደቂቃ ነው የሚቆየው፣ ቡና ሲቀዳ ያመለጠው ሰው አውቃለሁ። ዛሬ በየመኸሩ ከአንድ በላይ መንጋ ከመሬታችን ውስጥ እንሰማለን፣ ዝናብ በጠፋበት አመት ይቀንሳል፣ ከዛ መልሶ ይነሳል።

አደን ገና አልጀመርንም፣ ከባለቤቴ ወንድሞች ጋር በየአመቱ እንከራከርበታለን። ለመጪው የኦክቶበር ቆጠራ የሚሰማ ጆሮ ያንሰናል፣ አትላንታ አካባቢ ያላችሁ መምጣት የምትፈልጉ ካላችሁ ኑ፣ ብቻ ረጅም ቦት ጫማ አድርጉ፣ ሱሪያችሁንም ካልሲ ውስጥ ክተቱት፣ መዥገሩ አይጣል ነው።