ለብርድ ቀን የተቀላቀለ ቀይ

ዛሬ ምክንያቱን ያላወቅኩት ድብርት ተጫጭኖኝ ዋለ። ብርዱ ነው እንዳልል ከትናንቱ የባሰ አይደለም፤ ብቻ ከማንም ጋር ማውራት አላሰኘኝም። እንዲህ ባለ ቀን የሚያምረኝን የምታውቁኝ ታውቁታላችሁ፤ ወፈር ያለ፣ አፍ የሚሞላ፣ ከአንድ በላይ ከሆኑ የወይን ዝርያዎች የተቀላቀለ ቀይ ወይን ነው። ቀለል ያሉትን ለሙቀት ወራት ትቻቸዋለሁ።

ጠርሙሱ ማሞቂያ በሌለው ክፍል የከረመ ስለነበር የመጀመሪያው ፉት ድዴን ጨምድዶ ያዘው። ቀይ ወይን ሲቀዘቅዝ ከፍሬው ልጣጭና ከዘሩ የሚገኘው አፍ የሚያደርቀው ታኒን ጎልቶ ይሰማል፣ መዓዛው ግን ይሸሸጋል፤ ማሞቂያ አጠገብ ካስቀመጡት ደግሞ አፍንጫ የሚመታው አልኮሉ ብቻ ይሆናል። ለእንዲህ ዓይነቱ ወይን የሚመከረው ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን፣ ይህም በብርድ ጊዜ አብዝተን ከምናሞቀው ሳሎን ዝቅ ያለ ነው። ብርጭቆውን በሁለት መዳፌ አቅፌ ጥቂት ስታገሥ ምላሴን የሚያደርቀው ነገር ረገብ አለ፣ የበሰለ ጥቁር ፍሬ ጠረንም ብቅ አለ።

ቅልቅል ለምን እንደሚሻለኝ ማሰብ የጀመርኩት ያኔ ነው። በፈረንሳዩ የወይን አገር በቦርዶ፣ ካበርኔ ሶቪኞን የተባለው ዝርያ አጥንት ይሆናል፣ መርሎ ሥጋ ያለብሰዋል፣ ካበርኔ ፍራን መዓዛ ይጨምርበታል፣ ፔቲ ቨርዶ ደግሞ ጥቂት በመቶ ብቻ ገብቶ ቀለሙን ያጠቁረዋል፣ ቅመም ቅመም እንዲልም ያደርገዋል። ይሁን እንጂ አትክልተኛው ዝርያዎቹን ጎን ለጎን የተከለው ለጣዕም ብሎ ብቻ አይመስለኝም። መርሎ ቀድሞ ስለሚያቆጠቁጥ የጸደይ ውርጭ ያሰጋዋል፣ ካበርኔ ሶቪኞን ዘግይቶ ስለሚደርስ የመኸር ዝናብ ይደርስበታል፤ ሁለቱን የተከለ ሰው ግን አንዱ ቢከዳው በሌላው ይወጣዋል። እንግዲህ እኔ ስምምነት እያልኩ የማደንቀው ነገር ሥሩ ፍርሃት ነው ማለት ነው። ደስ ይለኛል፤ ከፍርሃት እንዲህ ያለ ነገር ከተገኘ ምን ይጠላል?

ደግሞም የመቀላቀሉ ሥራ ራሱ አብዛኛውን ጊዜ የሚከናወነው በብርድ ወራት ነው። ዝርያዎቹ በተለያየ ጊዜ ስለሚለቀሙ ለየብቻ ይጠመቃሉ፤ ከዚያም ጠማቂዎቹ ከየበርሜሉ ናሙና ቀድተው፣ በመለኪያ እየሰፈሩ፣ ከዚህ ሁለት በመቶ ቢቀነስ ከዚያ ቢጨመር እያሉ ይቀምሳሉ። (ምነው ከእነዚያ ቀማሾች አንዱ በሆንኩ!) በፈረንሳይ በደቡባዊው የሮን ሸለቆ ያሉት ደግሞ ከዚህም የባሰ ጣጣ አለባቸው፤ ሻቶኔፍ ዱ ፓፕ የተባለው የዚያ ሸለቆ ወይን በባህሉ 13 ዝርያዎችን ይፈቅዳል፣ ምንም እንኳ አብዛኛው ሸክም ግረናሽ ላይ ቢወድቅም። አልኮሉ ብዙ ጊዜ ከ14 በመቶ ስለሚያልፍ ለብርድ የሚስተካከለው የለም፤ ሲራና ሙርቬድር ባይደግፉት ኖሮ ግን ሙቀቱ ብቻውን ይሰለቻል።

ከሁሉ ይልቅ ሐሳቤን የወሰደው ከቦርዶው ቅልቅል የጎደሉት ዝርያዎች ናቸው። ማልቤክ በቦርዶ እንደ ልብ የሚገኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1956 ጃንዋሪ ለስላሳ ሆኖ ካለፈ በኋላ በፌብሩዋሪ የመጣው ድንገተኛ ውርጭ የወይን ግንዶችን ጨረሰ፤ ብዙዎች ዳግም ሲተክሉ መርሎን መረጡ፣ ማልቤክም የተከበረበትን ቦታ በአርጀንቲና አገኘ። ስለዚህ ዛሬ ብርድ አባራለሁ ብዬ የምጠጣውን ቅልቅል በከፊል የወሰነው ራሱ ብርድ ነው። የካርመኔር ዕጣ ደግሞ ይገርማል። ፊሎክሴራ የተባለው ተባይ በ19ኛው መቶ ዘመን የአውሮፓን ወይን ካወደመ በኋላ ከቦርዶ ጠፋ ተባለ፤ እርሱ ግን ቀድሞ ወደ ቺሊ ተሻግሮ ከመርሎ መካከል በመርሎ ስም ይኖር ነበር። ፈረንሳዊው የወይን ዝርያ አጥኚ ዣን ሚሼል ቡርሲኮ እ.ኤ.አ. በ1994 እስኪለየው ድረስ ባለቤቶቹ ከመርሎው ጋር አንድ ላይ ይለቅሙት ነበር፤ እርሱ ግን ከመርሎ ሳምንታት ዘግይቶ የሚበስል በመሆኑ ጥሬው ፍሬ ለወይኑ የቃሪያ ጠረን ይሰጠው ነበር። ስንቱ ሰው ሳያውቀው ቅልቅል ጠጥቷል!

ሁልጊዜ የምንነታረከው ወዳጄ ይህን ቢሰማ ምን ይል ይሆን? እርሱ መቀላቀል ጉድለትን መሸፈኛ ነው ባይ ነው፤ የአንድ ዝርያ ስም ያልተጻፈበትን ጠርሙስ አይነካም። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ግን የአንድ ዝርያ ስም ለመጻፍ ወይኑ ውስጥ 85 በመቶው ያ ዝርያ ከሆነ ይበቃል፤ በአሜሪካ በአብዛኛው 75 በመቶ። ቀሪው ሌላ ሊሆን ይችላል፣ መጻፍም ግድ አይደለም። ልደውልለት ስልኩን አነሳሁና ተውኩት፤ ምክንያቱም ቀጥሎ የሚጠይቀኝን አውቀዋለሁ። ያንን የፔቲ ቨርዶ ቅመም ይኸው ቀመስኩት ብዬ በኩራት የምናገረው በእርግጥ ምላሴ ለይቶት ነው፣ ወይስ ቡሹን ከመንቀሌ በፊት ከጠርሙሱ ጀርባ 3 በመቶ መግባቱን ስላነበብኩ?