ጠፍቶ የሚጠብቅ ቀለም

ሮዳሚን ከሚባለው፣ ብርሃን ውጦ መልሶ ከሚያበራና ሕዋስን በማይክሮስኮፕ ለማየት ከሚያገለግል ቀለም ጋር ትግል ከገጠምኩ ስድስት ወር አለፈኝ። መጀመሪያ ላይ የማሳድደው ድምቀትን ብቻ ነበር። ስለዚህ በሞለኪውሉ ሁለት ጫፎች ያሉትን ዳይሜቲልአሚኖ የሚባሉ ናይትሮጅን ያዘል ቡድኖች አዜቲዲን በሚባል ትንሽ ቀለበት ተካኋቸው። ብልሃቱ የእኔ አይደለም፤ በአሜሪካው የጄንሊያ ምርምር ማዕከል የኬሚስቱ ሉክ ላቪስ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2015 ያሳየው ነው። ዳይሜቲልአሚኖው ብርሃን ሲውጥ ይጠመዘዝና ጉልበቱን በሙቀት ያባክነዋል፤ ትንሿ የአዜቲዲን ቀለበት ይህን ብክነት ትቀንሳለች። ከተዋጡ 100 ፎቶኖች (የብርሃን ቅንጣቶች) ተመልሰው የሚወጡት ከ41 ወደ 88 ያድጋሉ።

ቀለሙ በብልቃጥ ውስጥ እንደ ፍም በራ። ቀጥሎ ሃሎታግ ከሚባለው፣ ሊታይ በተፈለገ የሕዋስ ፕሮቲን ላይ ከሚሰካ መያዣ ፕሮቲን ጋር የሚያጣብቀውን ጅራት ቀጠልኩበት። ስንፍና ይዞኝ ለሥራ የሚቀለውን ቦታ፣ ከሞለኪውሉ መሃል አጠገብ ያለውን ካርቦክሲል የሚባል የአሲድ ቡድን መረጥኩ። ሃሎታጉ የተሰካው የሕዋስ ጉልበት ማመንጫ በሆነው በሚቶኮንድሪያ ፕሮቲን ላይ ስለነበር ሚቶኮንድሪያዎቹ ቁልጭ ብለው ታዩ። ደስታዬ ሁለት ቀን ቆየ። በሦስተኛው ቀን ሃሎታግ የሌላቸውን ሕዋሳት በቀለሙ ብነክር ያው ምስል! ካርቦክሲሉን ስይዝበት የቀለሙ አሉታዊ ሙል ጠፍቶ አዎንታዊው ብቻ ቀርቷል፤ የሚቶኮንድሪያ ውስጥ ደግሞ አሉታዊ ስለሆነ እንዲህ ያለውን ቀለም በራሱ ይስባል። ያለ ማነጻጸሪያ ሕዋስ ምስል ማመን ምን ያህል እንደሚያሳፍር አሁን አውቃለሁ።

ከሁሉ የባሰው ግን ያ ካርቦክሲል የቀለሙ ማብሪያና ማጥፊያ መሆኑ ነው። ወደ መሃል ታጥፎ ቀለበት ሲዘጋ ሞለኪውሉ ቀለም አልባ ይሆናል፤ በዚህ መልኩም የሕዋሱን ሽፋን በቀላሉ ያልፋል። ፕሮቲኑ ላይ ሲጣበቅ ይከፈትና ይበራል። የኬሚስቱ ካይ ዮንሰን ቡድን እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው ሲሊከን ሮዳሚን ለሕያው ሕዋስ የተመቸው አንድም በዚህ ነው፤ ያልተጣበቀው ቀለም ጨለማ ስለሆነ ማጠብ እንኳ ላያስፈልግ ይችላል። በሮዳሚን መሃል ያለው ኦክስጅን በሲሊከን ሲተካ ብርሃን የሚውጥበት የሞገድ ርዝመት ወደ 650 ናኖሜትር ገደማ ይሻገራል፤ ቀይ ብርሃን ደግሞ ከሰማያዊው ይልቅ ለሕዋስ ይራራል። ከ200 ናኖሜትር በታች ለማየት ከተራ ማይክሮስኮፕ አቅም በላይ ጥቃቅን ነገር በሚያሳየው በስቴድ ማይክሮስኮፕ ኃይለኛ ሌዘር ለሚያፈስስ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ስለዚህ ጅራቱን ካርቦክሲሉ ወዳለበት ቀለበት ሌላኛው ጎን አዛወርኩ፤ ካርቦክሲሉን ነጻ ተውኩ። አሁን ሕዋስ ከመንካቴ በፊት እያንዳንዱን ቀለም በውሃና ዳይኦክሴን በሚባል ማሟሟያ ድብልቅ እለካዋለሁ። ዳይኦክሴኑ ሲበዛ ቶሎ የሚጠፋው ወደ መዘጋት ያደላል ማለት ነው። ባለፈው ሳምንት ግን ስግብግብ ሆኜ በሲሊከን ሮዳሚን ሁለቱም አዜቲዲኖች ላይ ቀለሙን ወደ መዘጋት የሚገፋውን ፍሎሪን ሁለት ሁለት ሰካሁ። ቀለሙ ድርግም ብሎ ተዘጋ፤ ከፕሮቲኑ ጋር ተጣብቆም እንኳ አልነቃም። ቀጣዩ ሙከራ በየቀለበቱ አንድ ፍሎሪን ብቻ ነው፤ መነሻ ዱቄቱ ተመዝኗል።