«ቅድመ አያቴ ወረፋ ጠብቀው ነው የገቡት»

በአሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል በሚገኝ አንድ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የዘመናዊ አሜሪካ ታሪክ አስተምራለሁ። ኮርሱ ከእርስ በርስ ጦርነቱ ማብቂያ ከ1865 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) እስከ ዛሬ ያለውን በአንድ ሴሚስተር ማዳረስ ስላለበት፣ 1920ዎቹ በተለምዶ የሚያገኙት አንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ ነው። የመጠጥ ክልከላው፣ የሴቶች የመምረጥ መብት፣ የነጭ ዘረኞች ቡድን የሆነው የኩ ክሉክስ ክላን ዳግም መነሣት፣ የአክሲዮን ገበያው ውድቀት ተራ በተራ ሲነሡ ለ1924ቱ የኢሚግሬሽን ሕግ አሥር ደቂቃ ቢተርፍ ነው።

አንድ ቀን እዚያ ላይ ስንደርስ ከፊት የሚቀመጥ ጎበዝ ተማሪ እጁን አወጣና፣ ቅድመ አያቱ ከደቡብ ጣሊያን በሕጋዊ መንገድ ወረፋ ጠብቀው እንደገቡ፣ የዛሬዎቹ ስደተኞች ለምን እንደዚያ እንደማያደርጉ ግን እንደማይገባው ተናገረ። ክፋት አልነበረበትም፤ ቤቱ ሲነገር የሰማውን ነው ያለው። ከኋላ ግን ወላጆቿ ከኤል ሳልቫዶር የመጡ ተማሪ «የትኛውን ወረፋ?» አለች፤ ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር።

አንዱን ደግፌ ሌላውን ብገሥጽ ሁለቱም በያዙት እንደሚጸኑ ከልምድ ስለማውቅ፣ ክርክሩን ወደ ታሪክ ጥያቄ መለወጥ መረጥሁ። ቅድመ አያቱ የመጡት መቼ እንደሆነ ስጠይቀው 1912 አለኝ። የሚቀጥለውን ክፍለ ጊዜ ሙሉ ለዚህ ጉዳይ ሰጠሁት።

በ1912 ከጣሊያን የሚነሣ ሰው ቪዛ አያስፈልገውም ነበር፤ ለጣሊያኖች የተወሰነ ኮታም አልነበረም። በትውልዳቸው ተለይተው ከ1882 ጀምሮ በሕግ የታገዱት የቻይና ሠራተኞች ነበሩ። ወረፋው በእርግጥ ነበረ፤ የሚጠበቀው ግን በኒው ዮርክ ወደብ በነበረው የስደተኞች መቀበያ፣ በኤሊስ ደሴት አዳራሽ ውስጥ ነው። ሐኪሞች መንገደኞቹ ደረጃ ሲወጡ ቆመው ያያሉ፤ ልቡ ያጠራጠራቸውን ሰው ኮት ላይ በጠመኔ «ኤች» የሚለውን ፊደል (ልብ ማለት የሆነው የእንግሊዝኛ ቃል የሚጀምርበትን) ይጽፋሉ። ከዚያ መርማሪው የመርከቡን መዝገብ ዘርግቶ ስም፣ ሥራና የተያዘ ገንዘብ ይጠይቃል። ጤነኛው በጥቂት ሰዓታት ጨርሶ ይወጣል፤ በደሴቲቱ በኩል ከመጡት ውስጥ እንዳይገቡ የተከለከሉት 2 በመቶ ገደማ ብቻ ናቸው።

ቀጥሎ የኮታውን ሠንጠረዥ አደልኋቸው። የ1921ዱ ሕግ ለእያንዳንዱ አገር የፈቀደው፣ በ1910 የሕዝብ ቆጠራ አሜሪካ ውስጥ ከተገኙት የዚያ አገር ተወላጆች 3 በመቶውን ነበር፤ የጣሊያን ድርሻ በዓመት 42,057 ሆነ። የ1924ቱ ሕግ መጠኑን ወደ 2 በመቶ አወረደ፤ መሠረቱንም ወደ 1890 ቆጠራ መለሰ። ጣሊያን ወደ 3,845 ስትወርድ ጀርመን 51,227 አገኘች። «የ1920 ቆጠራ በእጃቸው እያለ 34 ዓመት ወደ ኋላ የተመለሱት ለምን ይመስላችኋል?» ብዬ ጠየቅሁ። ዝምታው ሲረዝም መልሱን ራስ መናገር ያምራል፤ ለአስተማሪ ግን ከዚያች ሰዓት የበለጠ ትዕግሥት የሚጠይቅ ጊዜ የለም። በመጨረሻ ያው ልጅ ከወረቀቱ ቀና ሳይል «በ1890 የእኛ ሰዎች ገና አልመጡም ነበራ» አለ።

የልጅቷ ጥያቄም መልስ ይገባው ነበር። የ1924ቱ ሕግ የአሜሪካ አህጉራትን አገሮች ከኮታው ውጭ ትቷቸው ነበር። ለእነርሱ የቁጥር ገደብ ያመጣው፣ ፕሬዝዳንት ጆንሰን በ1965 በነፃነት ሐውልት ሥር የፈረሙትና የአገሮችን ኮታ በመሻሩ የሚመሰገነው ሕግ ነው፤ ገደቡ በ1968 ሥራ ላይ ሲውል ለመላው ምዕራባዊ ንፍቀ ክበብ በዓመት 120,000 ነበር። ለወላጆቿ ትውልድ ወረፋውን ያረዘመው አንዱ ምክንያት ስደትን ከዘር አድልዎ ነፃ ለማውጣት የወጣ ሕግ መሆኑን ሁለቱም በጥሞና አዳመጡ።

ከክፍል በኋላ አንድ የአገራችን ልጅ ሠንጠረዡን ይዞ መጣና «ጋሼ፣ ለእኛም 100 ሰጥተውናል እኮ» አለኝ። ለኢትዮጵያ የተጻፈው ዝቅተኛው የኮታ መጠን ነበር። ቻይናም እንዲሁ 100 ተጽፎላት ነበር፤ ቻይናውያን ግን ዜግነት ማግኘት ስለማይፈቀድላቸው ሊጠቀሙበት አይችሉም ነበር። ልጁ ቤተሰቡ በዲቪ እንደመጣ ሲነግረኝ፣ ዲቪን የወለደው የ1990 ሕግ ሲረቀቅ ግንባር ቀደም ተሟጋቾቹ ለአየርላንዳውያን በር እንዲከፈት የሚፈልጉ ሰዎች እንደነበሩ አጫወትሁት። እውነት መሆኑን ደጋግሞ ጠየቀኝ።

ከዚያ ሴሚስተር ጀምሮ ለኢሚግሬሽን ሕጎቹ ሁለት ሙሉ ክፍለ ጊዜ እሰጣለሁ። ቦታውን ያገኘሁት የፕሬዝዳንት ሃርዲንግን ዘመን የነዳጅ መሬት ቅሌት ወደ ቤት ንባብ በማዛወር ነው፤ የሚጎዳ ቅነሳ አይመስለኝም። በፈተናም ሕጉ የወጣበትን ዓመት አልጠይቅም። የ1921ዱንና የ1924ቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጬ፣ ሕግ አውጪዎቹ ማንን መቀነስ እንደፈለጉ ከቁጥሮቹ ብቻ ተነሥተው በአንድ ገጽ እንዲያስረዱ አዛለሁ።