ዶሮዬን ይዤ አገር ልቀይር?

ውሻና ድመት ይዞ አገር መቀየር የራሱ ጣጣ አለው፤ ዶሮ ግን ሌላ ዓለም ነው። ለእናንተ ስም ያላት፣ ስትጠሯት የምትመጣ የቤት ልጅ ልትሆን ትችላለች። ድንበር ላይ ግን እርባታ ናት፣ አለቀ። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ዶሮን፣ ዳክዬን፣ ቱርክን፣ ርግብን ሳይቀር ከቤት እንስሳት ዝርዝር አውጥቷቸዋል፤ በቀቀን የያዘው ሰው በቤት እንስሳ ደንብ ሲስተናገድ እናንተ እንደ ዶሮ ነጋዴ ትታያላችሁ። አሜሪካም ከብዙ አገሮች ለሚመጣ ዶሮ ቀድሞ የወጣ የማስገቢያ ፈቃድ፣ የጤና ሰርተፍኬትና 30 ቀን ኳራንቲን ትጠይቃለች፣ ያውም በባለቤቱ ወጪ። መንገዳችሁ ወደ አውስትራሊያ ከሆነ እርሱት። የቤት ወፍ የምትቀበለው ከኒውዚላንድ ብቻ ነው፣ እሱም ዶሮን አይጨምርም።

ክፋት አይደለም። የወፍ ጉንፋንና ፈንግል አንዴ ከገቡ መንጋ ይጨርሳሉ፤ የወፍ ጉንፋን ሰውንም ሊይዝ ይችላል። የሚያናድደው፣ ወረቀታችሁ ሁሉ ተሟልቶ እንኳ፣ ወረርሽኝ ሲነሳ በሩ በአንድ ሌሊት ሊዘጋ መቻሉ ነው።

ስለዚህ ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት የምትሄዱበትን አገር የእንስሳት ጤና መሥሪያ ቤት ጠይቁ፣ አየር መንገዱንም ለብቻው። ያረጀች ዶሮ ከሆነች ግን፣ እኔን ካላችሁ፣ አትጫኗት። ሙቀቱና ጭንቀቱ ሊገድላት ይችላል። የሚወዳት ሰው ካለ እዚያው ትቅር፤ ከጓደኞቿ ጋር ግን፣ ዶሮ ብቻዋን አይሆንላትም።