ጋቢው የት አለ?

ልጄ ስድስት ዓመቱ ነው። ኦቲዝም አለበት፣ አፉንም አልፈታም። የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ባለ አንድ መኝታ ቤት። አባቱ ሌሊት ታክሲ ይነዳል። እኔ ጠዋት ሠርቼ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ከትምህርት ቤት ባስ እቀበለዋለሁ። በጋ ከሆነ ፓርክ አለ፣ ይሮጣል፣ ይደክመዋል፣ ይተኛል። በረዶው ሲገባ ግን እስኪተኛ ያሉት አምስት ሰዓታት አያልቁም። እሱ ከግድግዳ ግድግዳ ይመላለሳል፣ እኔ እሱን ተከትዬ እመላለሳለሁ።

መጀመሪያ ያልገዛሁት መጫወቻ የለም። የሚገጣጠም፣ የሚደረደር፣ የሚዘፍን። ከሁሉም የወደደው ካርቶኑን ነው። እሱ የሚፈልገው የድስት ክዳን ነው። ወለሉ ላይ ያሽከረክረውና ጎንበስ ብሎ፣ ጆሮውን አስጠግቶ፣ ተንቀጫቅጮ እስኪቆም ያዳምጣል። ደግሞ ያሽከረክራል። እኔ ክዳኑን ቀምቼ መኪና እሰጠዋለሁ። መኪናውን ይገለብጥና ጎማውን ያሽከረክራል! አንድ ቀን ቴራፒስቷ "ለምን ትቀሚዋለሽ? አንቺም ክዳን ያዢና አጠገቡ ቁጭ በይ" አለችኝ። በልቤ "ለዚህ ነው እንዴ የተማርሽው?" ብያለሁ፣ አልዋሽም። ማታ ግን ሞከርኩት። የኔ ክዳን ሁለት ዙር እንኳ ሳይሞላ ወደቀ። ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ክዳኑን አንሥቶ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። ድገሚ ማለቱ ነው። እኔና ልጄ ለመጀመሪያ ጊዜ አብረን የተጫወትነው ያን ማታ ነው፣ የታችኛዋ ጎረቤት መጥተው በር እስኪያንኳኩ ድረስ። (አሁን ምንጣፍ አንጥፈናል።)

ከዚያ ወዲህ የመጫወቻ ሱቅ ማየት ትቼ እሱን ማየት ጀመርኩ። የሚንኮሻኮሽ ድምፅ ይወዳል፤ ስለዚህ ምስር ከሳህን ወደ ሰፌድ፣ ከሰፌድ ወደ ሳህን እንገለብጣለን። ከሥር አንሶላ አነጥፋለሁ፣ ምክንያቱም ቫኪዩም ካስነሣሁ ጆሮውን ይዞ ያለቅሳል። ብቻውንም አልተወውም፤ አንዴ አንድ ፍሬ አፍንጫው ውስጥ ከትቶ ድንገተኛ ክፍል አድረናል። ሊጥ ደግሞ አይሆንለትም፣ የሚያጣብቅ ነገር እጁን ሲነካው ይጮሃል። ሊጡን በላስቲክ አሽጌ ስሰጠው ግን ከላይ ሲጫነው፣ ሲጠፈጥፈው ግማሽ ሰዓት ይቆያል። የውሃውንስ ነገር ተዉት። ሲንኩ ጋ ወንበር ላይ አቁሜ ሁለት ኩባያ ከሰጠሁት አጠገቡ ሆኜ እራቴን እሠራለሁ። ጸበል ውሰጂው ላሉኝም ወስጄዋለሁ፤ ሌላው ልጅ ሁሉ ሲያለቅስ የኔው አልወጣም ብሎ አስቸገረ።

ቡና ሲቆላ ደግሞ ካለበት ይመጣል። ጭሱን በእጁ ወደ ፊቱ ይስባል፣ ልክ እንደ ትልቅ ሰው። አንድ ቀን ግን የጭስ አላርሙ ጮኸና ሳምንት ሙሉ ኩሽና አልገባም አለ። አሁን በረንዳ ላይ ነው የምቆላው፣ ካፖርት ለብሼ።

እንዲህ የምዘረዝረው ቤቱን ዘግቶ የተቀመጠ የኛ ሰው ብዙ ስለሆነ ነው። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል (ሲዲሲ) በ2022 እዚሁ አሜሪካ በ16 አካባቢዎች ባደረገው ክትትል፣ 8 ዓመት ከሆናቸው ልጆች ከ31 አንዱ ኦቲዝም ያለበት ሆኖ ተገኝቷል። ታዲያ በየሰርጉና በየክርስትናው የማናያቸው እነዚያ ልጆች የት ሄደው ነው?

ልጄ ሲረበሽ መጠቅለል ይወዳል። ከባድ ብርድ ልብስ ግዙለት ተባልን። ዋጋውን አየሁና እናቴ የላከችልኝን ጋቢ አወጣሁ። ጠቅልዬ ጫን ጫን ሳደርገው ትንፋሹ ይረጋል። አባቱ ኦፍ ሲሆን ደግሞ ጋቢው ውስጥ አስተኝተነው፣ ግራና ቀኝ ይዘን እናወዛውዘዋለን። ሳቁ ታች ድረስ ይሰማል። ጎረቤታችን ስለ ሳቁ እስካሁን ምንም አላሉም።

ሥዕል እየነካ የሚናገርበት ታብሌት አለው። ቃሎቹ በሙሉ እንግሊዝኛ ናቸው። አማርኛ ያምታታዋል ተብለን አንድ ዓመት ሙሉ በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ብቻ ሳናግረው ኖሬያለሁ። ሁለት ቋንቋ መስማት እንደሱ ያለውን ልጅ እንደማይጎዳው በኋላ ሌላ ባለሙያ ስትነግረኝ ተናደድኩ፣ እስካሁንም ያናድደኛል። ወዲያው የጋቢውን ፎቶ አስገባሁና በራሴ ድምፅ "ጋቢ" ብዬ ቀዳሁበት።

ባለፈው እሑድ ንጋት ላይ አባቱ ከሥራ ገብቶ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ሶፋው ላይ ጋደም ብሏል። ከመኝታ ቤት የኔ ድምፅ ተሰማ። "ጋቢ። ጋቢ። ጋቢ።" ባለቤቴ ዓይኑን ሳይገልጥ "ምነው፣ በረደሽ እንዴ?" አለ። እኔ እኮ ኩሽና ነኝ። ልጁ ጋቢውን እየጎተተ መጣና አንዱን ጫፍ አባቱ እጅ ላይ አስቀመጠ። ሌላውን ይዞ እኔን ፍለጋ ወደ ኩሽና።