ቪ እና አር

ዛሬ ቅዳሜ አይደል፣ ፖርቶቤሎ ገበያ ወጣሁ። ለንደን ስኖር ስንት ዓመቴ፣ በአሮጌ ዕቃ ሻጮቹ በኩል ግን ሁሌ ዝም ብዬ ነበር የማልፈው። ዛሬ አንድ ጎራዴ አስቆመኝ።

የእንግሊዝ እግረኛ ጦር መኮንን ጎራዴ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1845 የወጣው ዓይነት ስለት ያለው። ስለቱ በጣም ትንሽ ጎበጥ ይላል። እጀታው ሻካራ የዓሣ ቆዳ ለብሶ በቀጭን ሽቦ ተጠምጥሟል፣ የእጅ መከላከያው ናስ ላይ ደግሞ ከዘውድ ሥር "ቪ" እና "አር" ተቀርጸዋል፤ በላቲን "ቪክቶሪያ ሬጂና"፣ ንግሥት ቪክቶሪያ ማለት ነው። ሽማግሌው ሻጭ "ስለቱን በባዶ እጅ እንዳትነካው፣ ላብ ያዝገዋል" አለኝ። እኔ ቀድሜ ነክቼዋለሁ። ዝም አልኩ።

የስለቱ ጀርባ ላይ ቁጥር አለ። ያኔ መኮንኖች ጎራዴ የሚገዙት ከኪሳቸው ነበር፣ ዊልኪንሰን የሚባለው ሠሪ ደግሞ ቁጥሩን እየመታ በመዝገብ ይይዝ ስለነበር፣ ዛሬም በዚያ ቁጥር ብቻ የመጀመሪያው ገዢ ብዙ ጊዜ ይገኛል።

እኔ ግን ሐሳቤ መቅደላ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1868 ከእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ጋር የወጡት የእግረኛ መኮንኖች የታጠቁት ይህንኑ ዓይነት ነው። አፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ያጠፉበት ሽጉጥም የዚችው የቪክቶሪያ ስጦታ ነበር። እነዚያን ሁለት ፊደላት ደግሜ አየኋቸው፣ ሆዴን ቅር አለው።

ዋጋውን ብጠይቅ የቤት ኪራዬን ግማሽ ነገረኝ። የሻይ ማንኪያ ገዝቼ ተመለስኩ።